የሱልጣን ጆሮ

ከኖቬምበር ወዲህ ሹርድ ከቤቱ ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ርቆ አያውቅም። ጠዋት አንድ ሰዓት መርፌ፣ ማታ አንድ ሰዓት መርፌ። በመሃል ያለው ቀን የራስህ ነው ይሉታል፤ ግን በገመድ የታሰረን ሰው ገመድህ እኮ ረጅም ነው ቢሉት ምን ይጠቅመዋል? ሌዋርደን ከተማ ወርዶ ጫማ ሲለካ እንኳ አንድ ዓይኑ ሰዓቱ ላይ ነው። ያሰረው ደግሞ መንግሥት አይደለም፣ ሚስትም አይደለችም። ድመት ነው። ድሮ ስምንት ኪሎ የነበረ፣ አሁን አምስት የቀረው፣ ቀይ፣ ኩሩ፣ ሱልጣን የሚባል ድመት።

ሱልጣን አንድም ቀን የሹርድ ድመት ሆኖ አያውቅም። የሚስቱ የሂልከ ነበር። እሷ እግር ስር ይተኛል፣ እሷን ተከትሎ ከክፍል ክፍል ይዞራል፤ ሹርድ ሲገባ ግን ተነስቶ ይወጣል፣ አለቀ። ሂልከ ባለፈው ዓመት ማርች ላይ ስታርፍ ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ ቀሩ፤ እንደ ተኳረፉ ተከራዮች፣ ሰላምታ እንኳ ሳይለዋወጡ። ክረምቱ ሊገባ ሲል ድመቱ ውሃ አበዛ። ከአበባ ማጠጫው ሳይቀር ይጠጣል፣ ይሸናል፣ ይበላል፣ ይከሳል። ሹርድ ይህን ነገር ያውቀዋል። ሂልከንም እንዲህ ነበር የጀመራት፣ ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት።

«ስኳር ነው» አለች የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ፌና።

«ሌላ ስኳር በሽተኛ!» አለ ሹርድ። «ኧረ ምን ጉድ ነው፣ ቤቴን ምን ነካው?»

ሐኪሟ የኢንሱሊን ጠርሙስና አንድ ሳጥን መርፌ ሰጠችው። ሹርድ ቤቱ ሲደርስ መርፌውን ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተው፤ ምክንያቱም በሂልከ መሳቢያ ውስጥ ያልተከፈተ መርፌ ሁለት ትልልቅ ሳጥን ሙሉ ተቀምጧል። ሂልከ እስክሪብቶ የሚመስሉትን አዳዲሶቹን አላምናቸውም ብላ እስከ መጨረሻዋ በድሮው ነበር የምትወጋው። በዚያ መንደር ደህና ነገር የሚጥል ሰው ጤናው ይጠረጠራል። መጀመሪያ ይህ ይለቅ፣ አለ ሹርድ፣ ያኛው ይደርሳል። መውጋቱ ራሱ አላስቸገረውም። ድመቱ ሲበላ ከትከሻው ላይ ቆዳውን ቆንጠጥ አድርጎ ጠቅ ማድረግ ነው፤ ደም የለውም፣ ሱልጣንም ከሳህኑ ቀና አይልም።

መከራው የመጣው በፌብሩዋሪ ነው። ድመቱ መድኃኒቱን እየወሰደ ይከሳል። የኋላ እግሮቹ ከመድከማቸው የተነሳ ሶፋ ላይ መውጣት አቃተው።

«እዚህ የምለካው ቁጥር ውሸት ነው» አለች ዶክተር ፌና፣ ሱልጣን ከሳጥኑ ጥግ ሆኖ እንደ እባብ እየተነፈሰባት። «በሳጥን ተቆልፎ፣ በመኪና ተንገላቶ፣ ውሻ እየጮኸበት ገብቶ፣ ደንግጦ ስኳሩ ጣሪያ ይነካል። በዚህ ተማምኜ መድኃኒት ብጨምርለት፣ ቤቱ ገብቶ ሲረጋጋ ስኳሩ ወርዶ ሊሞትብዎት ይችላል። ቤት ውስጥ መለካት አለበት። ከጆሮው ጫፍ አንዲት ጠብታ ደም።»

«ማን ነው የሚለካው?»

«እርስዎ ነዎታ፣ አቶ ሹርድ።»

«እምቢ ካለስ?»

«እምቢ ማለቱማ አይቀርም። ቀስ ብሎ ማስለመድ ነው። ካልሆነ ግን…» ጓንቷን አወለቀች። «ካልሆነ እንዲህ እየመነመነ ከሚሰቃይ እስከ ፋሲካ እንየውና፣ ካልተሻለው በሰላም ብናሳርፈው ይሻላል።»

ሹርድ ሳጥኑን ተሸክሞ ወደ መኪናው ሲሄድ አንድ ሐሳብ ሽው አለበት። እሱ ካረፈ እኔም አረፍኩ። ወዲያው አፈረ፤ ፊቱ ቀላ። ሐሳቡ ግን ከመኪናው አልወረደም፣ ቤት ድረስ አብሮት ገባ።

ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም። ሴት ልጁ ማይከ ኖርዌይ፣ በርገን ነው የምትኖረው፤ የመጀመሪያ ልጇን በኤፕሪል መጨረሻ ትወልዳለች። «አባዬ፣ ሦስት ሳምንት ብቻ» ትለዋለች በስልክ። «እማዬ የለችም። አንተ እንኳ ናልኝ።» እሱም ወደዚያ የሚሄድበትን የመርከብ ቀን ሽንት ቤት ግድግዳ ላይ ባለው የልደት ካሌንደር ላይ ጽፎታል፤ ቅዳሜ፣ ኤፕሪል ሃያ። ሽንት ቤት በገባ ቁጥር ያየዋል። ግን ስኳሩ ያልተስተካከለ ድመት ለማን ይሰጣል? ጎረቤቱ ግሪት እወጋልሃለሁ ብላለች፤ ሐኪሟ ደግሞ ሳይለካ ማንም ጋ መተው አይቻልም ብላለች። ማይከ እዚያ ትጠብቃለች፣ ሱልጣን እዚህ ይቁለጨለጫል፣ ሹርድ መሃል ላይ እግር ከወርች ታስሮ ቁጭ ብሏል።

አባቷ ደም እንደሚፈራ ስለምታውቅ፣ ከድመቱ ደሙን የምትወስደው ግሪት እንደምትሆን ነው ማይከ ያሰበችው። ሹርድም አላረማትም።

ሂልከ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብላ ጣቷን ትወጋ ነበር። ሹርድም ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ኮቱን ለብሶ በጓሮ በር ይወጣ ነበር። ደም ሲያይ ዓይኑ ይጨልማል። ሥራው ከቤቱ ጀርባ ያለውን የቦዩን ድልድይ እያነሳ ጀልባ ማሳለፍ ስለነበር ሰበብ አጥቶ አያውቅም። «ጀልባ እየመጣ ነው» ይላል፤ ይወጣል፤ ሂልከ መለኪያዋን ስትከድን ይመለሳል። እንዲህ ሆነው ኖሩ፣ ማንም ማንንም አልወቀሰም።

ታዲያ በመጨረሻው ክረምት፣ በጃንዋሪ፣ የሂልከ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንድ ጠዋት መውጊያዋን ወደ እሱ ገፋችለት። «ሹርድ፣ ዛሬ እጄ አልታዘዝ አለኝ። አንዴ ብቻ ውጋልኝ።»

«ጀልባ እየመጣ ነው» አለ ሹርድ።

ጀልባ! ጡረታ ከወጣ ሦስት ዓመቱ፤ ድልድዩ በካሜራ ነው ከከተማ የሚከፈተው። ቦዩ ደግሞ በረዶ ሆኖ የመንደሩ ልጆች ይንሸራተቱበት ነበር። ወጥቶ ድልድዩ ሥር ቆሞ በብርድ ተንቀጠቀጠ። ሲመለስ ነርሷ ተጠርታ መጥታለች። ሂልከ ስለ ጀልባው አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ከሁለት ወር በኋላ አረፈች። የገደላት ልቧ ነው፣ ስኳሩ አይደለም፤ ሐኪሞቹም ይህንኑ ነግረውታል። እሱን የሚበላው ግን የሞተችበት ምክንያት አይደለም። ያቺ መውጊያ ናት፣ ጠረጴዛው ላይ ወደ እሱ ተገፍታ የቀረችው።

አሁን ያቺው መውጊያ፣ ያው ጠረጴዛ፣ እና የሂልከ ድመት።

የመጀመሪያውን ቀን ባናነሳው ይሻል ነበር። ሹርድ ብርድ ልብስ ይዞ አደባ፤ ሱልጣን ላይ ጣለበት፤ ጨመደደው። በሩብ ደቂቃ ውስጥ ብርድ ልብሱ መሬት ላይ፣ ድመቱ ቁም ሳጥኑ ጫፍ ላይ፣ የሹርድ እጅ ከአንጓው እስከ ክርኑ ተተልትሎ። ግሪት የፍየል ወተት ይዛ እንደ ልማዷ ሳታንኳኳ በጓሮ በር ገባች። ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ከስምንት ፍየሎቿ ጋር ትኖራለች፣ ምላሷም ከፍየሎቿ ቀንድ ይብሳል።

«ማን አሸነፈ ብዬ አልጠይቅም» አለች እጁን አይታ።

«ተይኝ እባክሽ ግሪት።»

«አንተ ሰውዬ፣ ድመት ነው ወይስ ሌባ የምትይዘው? በል ተቀመጥ። ፎጣ አምጣ። ዶሮ ቀቅል።»

«ዶሮ ለምን?»

«ለጉቦ ነዋ! ለምን ይሆን?»

የግሪት ዘዴ ይህ ነበር። ሦስት ቀን ፎጣ ብቻ፤ ፎጣው ሁልጊዜ ጠረጴዛው ላይ፣ ያው ቦታ፣ ያው ሰዓት፣ ፎጣው ላይ ጣት የምታክል የዶሮ ቁራጭ። መንካት የለም፣ ማየት እንኳ የለም። ከዚያ ጆሮውን በጣት ነካ፣ ዶሮ። ከዚያ ጆሮውን ያዝ፣ ዶሮ። ከዚያ ካልሲ ውስጥ ሩዝ ጨምሮ ማሞቅና ጆሮው ላይ ማሳረፍ፣ ደሙ እንዲመጣ፣ ዶሮ። ከዚያ መውጊያዋን ያለ መርፌ ጆሮው አጠገብ ቀጭ ማድረግ፣ ድምፁን እንዲለምድ፣ ዶሮ።

«ይህ ሁሉ ስንት ቀን ይፈጃል?» አለ ሹርድ።

«እሱ በቃኝ እስኪል።»

«ካሌንደሩ…»

«ካሌንደርህን ድመቱ አያነብም! ስንቱን ጀልባ በቀይ መብራት አቁመህ ስታስጠብቅ ኖረህ የለ? በል ተራህ ነው፣ ጠብቅ።»

ጠበቀ። ምን ምርጫ አለው? ዝናቡ ለሳምንት አላቋረጠም፤ መስኮቱ ላይ ይንጠባጠባል፤ ሹርድ ከፎጣው ፊት ቁጭ ብሎ ዶሮ ይዞ ይጠብቃል። ሱልጣን ግን ወይ ፍንክች። አንገቱን አስረዝሞ ዶሮዋን ይነጥቃል፣ ወገቡ ከፎጣው ውጭ ነው። ቢጠሩት ጆሮ ዳባ ልበስ። አንድ ቀን ጆሮውን ያስይዛል፣ በማግሥቱ ካልሲውን ሲያይ ማቀዝቀዣው ጀርባ ገብቶ እስከ ማታ ይደበቃል። ሹርድ መሬት ላይ በሆዱ ተኝቶ «ና እንጂ የኔ ጌታ፣ ና» ሲል፣ ከዚያ ጨለማ ውስጥ ሁለት አረንጓዴ ዓይኖች ያዩታል። አንዳንዴ ከሁለቱ የትኛው እንደታሰረ ግራ ይገባው ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን ግሪት መውጊያዋን አስጨበጠችው። «አሁን ራስህን ውጋ። እሱ ምን እንደሚሰማው ሳታውቅ እሱን አትወጋም።»

«አልችልም።»

«ጣትህ ናት እንጂ አንገትህ አይደለችም!»

ወጋ። ቀይ ጠብታ ጣቱ ጫፍ ላይ ብቅ አለች። ሹርድ እሷን አይቶ፣ ግሪትን አይቶ፣ ከወንበሩ ተንሸራቶ ምንጣፉ ላይ ተዘረጋ። ሲነቃ ግሪት እግሩን ትራስ ላይ ሰቅላ መለኪያውን ታነባለች።

«አምስት ነጥብ ስድስት። አንተ ጤነኛ ነህ፤ ችግርህ ሌላ ነው» አለች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ለሂልከ አንድ ቀን ወግተህላት ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

ግሪት መለኪያውን ከድና ከወለሉ ደግፋ አስነሳችው።

በማግሥቱ ጣቱን ደግሞ ወጋ፣ ተቀምጦ ቀረ። በሦስተኛው ቀን ትንሽ ነው የዞረበት። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ሱልጣን እንደ ምንም ፎጣው ላይ በአራት እግሩ ቆመ። ሹርድ ካልሲውን አሳረፈ፤ የጆሮውን ጫፍ ቫዝሊን ቀባ፤ ከስር ጥጥ ደገፈ፤ ትንፋሹን ዋጠና ቀጭ አደረገ። ሱልጣን ራሱን ነቀነቀ፣ አልሄደም። የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ደም ብቅ አለች፤ የመለኪያው ወረቀት ሳብ አደረጋት። ሃያ ሰባት ነጥብ ሦስት።

«እሰይ!» ብሎ ጮኸ ሹርድ፤ ድመቱ በረገገና ጠፋ። ቁጥሩ አስፈሪ ነው፣ ከአምስት እስከ አሥር መሆን ሲገባው። እሱ ግን ልጅ እንደተወለደለት ሰው ስልኩን አንስቶ ለዶክተር ፌና፣ ለግሪት ደወለ፤ ሳያስበው ደግሞ ወደ ሂልከ የድሮ ቁጥር ሊደውል ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ የሚቀል መስሎት ነበር። ዶክተር ፌና ኢንሱሊኑን ከሁለት መስመር ወደ ሦስት ከፍ አደረገች። ሃያ ስድስት። ወደ አራት ከፍ አደረገች። ሃያ አራት። ኤፕሪል ገባ፣ ፋሲካ አለፈ፤ ቁጥሩ ትንሽ ትንሽ ስለወረደ ብቻ ሐኪሟ ቀን ጨመረችለት። ወደ አምስት ከፍ አደረገች። ሃያ አንድ።

«አልገባኝም» አለች በስልክ። «በዚህ መጠን ሌላ ድመት ቢሆን ተስተካክሎ ነበር። በትክክል ነው የሚወጉት?»

«ክሊኒክ ስመጣ መርፌ ሰጥተሽኝ አሳይቼሽ የለም እንዴ?»

«አሳይተውኛል፣ ልክ ነበር። መርፌስ አላለቀብዎትም?»

«ኧረ መርፌማ ሞልቷል!»

ያም ሆኖ ሃያ አንድ ከሃያ ሰባት ይሻላል። ድመቱ ሶፋው ላይ መውጣት ጀምሯል። ዶክተር ፌና ካንገራገረች በኋላ ፈቀደች፤ ግሪት በቀን ሁለቴ እየለካች ትደውልላት፣ ሹርድም ሄዶ ልጁን ይይ። ሹርድ ሻንጣውን ከሰገነት አወረደ።

ዓርብ ዕለት፣ ከመርከቡ አንድ ቀን በፊት፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መሳቢያውን ሲከፍት የሂልከ መርፌ አልቋል። ማታ የወጋው የመጨረሻው ነበር። ባዶውን ሳጥን ገልብጦ አየው፤ የሂልከ ስም የፋርማሲው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ወረቀቱን ልጦ ኪሱ ከተተ። ከዚያ የክሊኒኩን መርፌ ከቁም ሳጥኑ አውጥቶ ከፈተ። የእሷ ክዳን ብርቱካናማ ነበር፣ የዚህ ቀይ ነው። እስከ አምስተኛው መስመር ሳበ። ዛሬ መድኃኒቱ በዛ ብሎ ታየው፤ መርፌው ወፈር ያለ ስለሆነ ይሆናል ብሎ ተወው። ወጋ። ሱልጣን ከሳህኑ ቀና አላለም።

ግሪት ለዓርብ ገበያ ሌዋርደን ሄዳለች። ሹርድ አልጋው ላይ ሸሚዝ እያጠፈ፣ ለሚወለደው ልጅ የገዛትን ትንሽ ኮፍያ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከሥር እያስቀመጠ አረፈደ። አምስት ሰዓት ሲሆን ሱልጣን ገባ። እንደ ሰካራም ነው የሚራመደው። ሻንጣው ላይ ተደገፈ፤ ተንሸራተተ፤ በጎኑ ወደቀ። ዓይኑ ጥቁር ብቻ ሆኗል።

ሹርድ ምን እንደሆነ ገብቶታል። ስኳሩ ወርዷል፤ ሐኪሟ አስቀድማ ነግራዋለች። መለካት፣ ድዱ ላይ ጣፋጭ መቀባት፣ መደወል። ይህን ሁሉ ያውቃል። እግሩ ግን ጭንቅላቱን አልጠየቀም። ኮቱ ከመስቀያው መቼ እንደወረደ አላየም፤ የጓሮው በር ተከፍቷል፤ ነፋሱ ፊቱን መታው። አፉም ያለ እሱ ፈቃድ «ጀልባ…» ብሎ ጀምሯል።

ቦዩ ባዶ ነበር። ሁለት ዳክዬ።

እውነቱ ይነገር፤ ደጃፉ ላይ ቆሞ አሰበበት። አሁን ድልድዩ ድረስ ሄደህ ግማሽ ሰዓት ብትቆም ሁሉም ነገር ያልቃል። መርፌ የለም፣ አንድ ሰዓት የለም። ነገ መርከብ። ማንም አይጠይቅህም፤ እንዲያውም ያዝኑልሃል። ከኖቬምበር ወዲህ ደረቱ ላይ የተቀመጠው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አለው፤ እንዲያ መቅለሉ ነው ያስደነገጠው። አንዲት ሴት ወጥ ቤት ውስጥ እጇ እየተንቀጠቀጠ ጠብቃ ነበር፤ እሱ እዚሁ ቦታ ላይ ሲቀልለው።

«ኧረ አንተ ሰው፣ አሁንስ ይብቃህ!» አለ ጮክ ብሎ። በሩን ከውስጥ ዘጋው።

ድመቱን ፎጣው ላይ አጋደመው። ሁለት ወር ሙሉ የተለማመጠው ጆሮ እጁ ላይ ወደቀ፤ አልሸሸም፣ አልነቀነቀም፣ እንደ ጨርቅ ነው። «ምነው እምቢ ባልከኝ!» አለ ሹርድ። «ቧጭረኝ፣ ቧጭረኝ እንጂ የኔ ጌታ!» ቀጭ። አንድ ነጥብ ስምንት።

ጣፋጭ። ሃያ ስድስት ዓመት ስኳር በሽተኛ የኖረበት ቤት ማር የለውም። ግን ሂልከ ለራሷ ክፉ ቀን የምታስቀምጠው የሽሮፕ ጠርሙስ ነበራት፤ ከግድግዳው ሰዓት ሥር፣ መደርደሪያው ላይ። የት እንዳለ ነግራዋለች፤ እሱ ነክቶት አያውቅም። አወረደው። ጠርሙሱ ላይ በላስቲክ የታሰረች ወረቀት አለች፣ በሂልከ ጽሕፈት። «ሹርድ፣ ከወደቅኩ ድዴ ላይ ቀባው። ደም የለውም። አትፍራ።»

አለቀሰ፤ ግን እያለቀሰ ቀባ። በጣቱ፣ ድዱ ላይ፣ ከጉንጩ ውስጥ፤ ስልኩን በክርኑ ተጭኖ ዶክተር ፌናን እያናገረ። በየሩብ ሰዓቱ ይለኩ አለችው። ለካ። ሁለት ነጥብ ሁለት። ቀባ። ሁለት ነጥብ አንድ። ደግሞ ቀባ። ሦስት ነጥብ አራት። ስድስት ሰዓት አለፈ። ግራው ጆሮ ስለተበሳሳ ወደ ቀኙ ዞረ። ካልሲው፣ ቫዝሊኑ፣ ጥጡ፣ ቀጭ።

ሱልጣን እፍ ብሎ ተፋበትና እጁን ከአውራ ጣቱ ሥር ቀድዶ ደም በደም አደረገው።

«እሰይ!» አለ ሹርድ። «እሰይ፣ ተባረክ! ድገመኝ!»

ግሪት ሄሪንግ ዓሣ በወረቀት ጠቅልላ ስትገባ ሽማግሌው ደም እየተንጠባጠበ፣ ድመት አቅፎ፣ እየሳቀና እያለቀሰ አገኘችው። «በስመአብ! የማን ደም ነው?»

«የሁለታችንም።»

«አንተ ደግሞ አልወደቅክም?»

«ጊዜ አላገኘሁም።»

ዶክተር ፌና ከሰዓት በኋላ ራሷ መጣች። ድመቱን አየች፣ ሰባት ነጥብ አንድ የሚለውን አየች፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የተከፈተውን ሳጥን አየች።

«ዛሬ ምን የተለየ ነገር አደረጉ?»

«ምንም። መርፌው አልቆብኝ የእናንተን ከፈትኩ።»

«የእኛን ከፈቱ?» ቀስ ብላ ተቀመጠች። «እስከ ዛሬ በምን ነበር የሚወጉት?»

«በሚስቴ መርፌ። ደህና መርፌ ነው፣ አልተከፈተም ነበር። መጣል አይሆንም ብዬ…»

«አቶ ሹርድ፣ የሰው መርፌና የድመት መርፌ መስመራቸው ለየቅል ነው። በእሳቸው መርፌ አምስት ሲሉ የነበረው በእኛ ሁለት ብቻ ነው። እኔ እየጨመርኩ፣ እርስዎ እየጨመሩ፣ ድመቱ ግን ግማሹን እንኳ አላገኘም። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ አምስት ሙሉ ገባበት።» ከዚያ ወደ ጆሮዎቹ አየች። «ባይለኩት ኖሮ ሞቶ ነበር።»

«ሰው ቁጠባ ሲያውቅ እንዲህ ነው!» አለች ግሪት፣ ድምፏ ግን አልሳቀም።

ማታ መርፌ የለም ተባለ። ለአሥር ቀን ያህል እንደ አዲስ፣ ከአንድ መስመር፣ በየቀኑ አራት ጊዜ እየተለካ ይጀመራል። አራት ጊዜ! ግሪት ፍየሎቿን ጥላ አራት ጊዜ አትመላለስም፤ ሹርድም አልጠየቃትም። ኮፍያዋን ከሻንጣው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ማይከ ደወለች።

«አባዬ፣ ሻንጣህን ጨረስክ?»

«ነገ አልመጣም፣ ልጄ። አሥር ቀን ስጪኝ። ልጁ ይጠብቀኝ ይሆን?»

«ልጁ ቀይ መብራት አያውቅም፣ አባዬ» አለች ማይከ። «ለድመት ብለህ?»

የመርፌውን ስህተትና የድመቱን መውደቅ ነገራት። ከዚያ ዝም ሊል ነበር፤ አላለም። «እናትሽ አንድ ጠዋት ጣቴን ውጋልኝ ብላኝ ነበር። ጀልባ እየመጣ ነው አልኳት። በጃንዋሪ ነው፣ ማይከ። ቦዩ በረዶ ነበር።»



«አውቃለሁ» አለች ማይከ። «ነግራኛለች። አባትሽ በረዶ ላይ ጀልባ አየ ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አለቀሰች፣ አባዬ።»

ሹርድ ራሱን ነቀነቀ፣ ልጁ የምታየው ይመስል። ይህን ነበር ሲፈራ የኖረው፤ መጣ፣ ገባ፣ ተቀመጠ። ሰዓቱ አንድ መታ። ከሶፋው ላይ ቀዩ ድመት ወረደ፤ ወንበር ላይ ወጣ፣ ጠረጴዛው ላይ ወጣ፣ ኮፍያዋን አሽትቶ አለፋትና ፎጣው ላይ ቁጭ አለ። ዶሮውን ይጠብቃል። ሹርድ ስልኩን አጠገቡ አስቀምጦ ካልሲውን አነሳ፣ ቫዝሊኑን ቀባ፣ ጥጡን ደገፈ። ቀጭ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ማይከ።

«ሱልጣን ነው። ጆሮው እየተወጋ ነው።»

«የምትወጋው ግሪት ናት?»

«የለም።»

«አንተ?»

«እኔ» አለ ሹርድ፤ ለድመቱም ዶሮውን ሰጠው።